የዕቃ ባቡር ፎቶግራፍ አይገባውምን?

በድሬዳዋ ከተማ የፎቶግራፍ አልበም ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ከአልበሙ ውስጥ ቢያንስ አንድ የለገሃር ስዕል አያጣም ብል ብዙ ያጋነንሁ አይመስለኝም። ሙሽሮች በጣቢያው ፊት ይነሣሉ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ እዚያው ቆሞ ይነሣል፤ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣትም ካባውን እንደ ለበሰ ወደዚያው ይሮጣል። ይህን አልነቅፍም። ከተማችን የሐዲድ ልጅ ናትና ልጅ በእናቱ ደጃፍ ቢነሣ የሚያስወቅሰው ነገር የለም። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም እኛ የድሬዳዋ ልጆች «ባቡር» ስንል የጣቢያውን ግድግዳና ቆሞ የቀረውን አሮጌ ፉርጎ ብቻ ማለታችን ነው። በዚያኑ ሰዓት ከከተማው ወጣ ብሎ ስንዴውን፣ ማዳበሪያውንና ኮንቴይነሩን ተሸክሞ ሜዳውን የሚያቋርጠውን የዕቃ ባቡር ግን «ደግሞ ይህ ምን ስዕል አለው?» ብለን እናልፈዋለን።

እኔ ስዕል አለው እላለሁ። እንዲያውም ከሁሉ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ሊነሣ የሚገባው እርሱ ነው፤ አንሺዎቹም እኛ ተማሪዎች ልንሆን ይገባናል እላለሁ።

የባቡሩን ታሪክ ከመምህሮቻችን ሁላችን ሰምተነዋልና አላስረዝመውም። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ አስቸገረና በተራራው ግርጌ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስም ከተማችን ተቆረቆረች። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ሥራው ቆመ። አዲስ አበባ የተገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በመካከሉ ለብዙ ዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች ማለት ነው። ከፉርጎ የወረደው ሸቀጥ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከደጋው የወረደው ቡናና ቆዳ በፉርጎ ወደ ባሕር ይሄዳል። ያ ሁሉ ድንጋይ የተፈለጠው፣ ያ ሁሉ ድልድይ የተሠራው ለዕቃ ነው። ሰው የተሳፈረው ከዕቃው ጎን ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። (የመንገደኛውን ባቡር የሚወዱ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ።)

ዛሬም ነገሩ ያው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ባሕር የሌላት አገራችን ከውጭ የምትገዛውና ወደ ውጭ የምትሸጠው ዕቃ እጅግ አብዛኛው የሚያልፈው በጂቡቲ ወደብ ነው። ስለዚህ በሜዳችን ላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ የዕቃ ባቡር የአገሪቱ ጓዳ በሐዲድ ላይ ሲሄድ ማለት ነው። ጓዳው ምን ጎደለው፣ ምን ተረፈው የሚለውን ለማወቅ የሚወድ ሰው ወደ ላይ የሚወጣውንና ወደ ታች የሚወርደውን ባቡር አስተያይቶ ይመልከት። ወደ ላይ የሚወጣው ሞልቶ ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ግን ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። የኢኮኖሚክስ መምህራችን በሰሌዳው ላይ በቁጥር የሚያሳዩንን የገቢና የወጪ ንግድ ልዩነት እኔ በመጀመሪያ በዐይኔ ያየሁት ባዶ ፉርጎ ስቆጥር ነው።

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ ልግባ። በቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ዐሥራ አራት ሰዎች በአንድ ክፍት ፉርጎ ፊት ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከግራ በኩል አራተኛው አያቴ ናቸው። እኔ ሳልወለድ ያረፉ፣ ዕድሜያቸውን በባቡሩ ዕቃ በመጫንና በማውረድ የፈጸሙ ሰው ነበሩ። ሴት አያቴ ከዐሥራ አራቱ ሦስቱን ያውቃሉ። አንዱን «ይህ እንኳ ጥርሱ ወርቅ የነበረው ነው» ይላሉ፤ ስሙን ግን አያስታውሱም። የቀሩት ዐሥር ሰዎች እነማን ናቸው? ልጆቻቸው ምናልባት ከእኛ ጋር በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ ምናልባትም ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይማራል። የፎቶግራፉ ጀርባ ባዶ ነው። ቀን የለውም፤ ቦታ የለውም፤ ፉርጎው ምን እንደ ጫነ አይናገርም።

ሐዲዱን የመረቁት ሰዎች ስም በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ መቀስ የያዘው፣ ጥብጣብ የቆረጠው ሁሉ ከነማዕርጉ ይታወቃል። ያ የሚገባ ነው። የጫኑትና ያወረዱት፣ ሐዲዱን በሌሊት በፋኖስ እየዞሩ የጠበቁት ግን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ስም የሌላቸው ሆነው ቀርተዋል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ድረስ የነበረው የድሮው መስመር ጸጥ ካለ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የመጨረሻው የዕቃ ባቡር ከላይ ወርዶ ከተማችን የገባበትን ጊዜ እንዲነግሩኝ በሰፈራችን ያሉትን ሦስት የቀድሞ ባቡር ሠራተኞች ብጠይቃቸው ሦስት የተለያየ ዓመት ነገሩኝ፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ተከራከሩ። አንድ ስዕል፣ በጀርባው አንድ መሥመር ጽሑፍ፣ ያን ክርክር በቈረጠው ነበር።

ባለፈው ክረምት ኤረር አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ኤረር ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ያለች ፍልውኃ ያላት ትንሽ ከተማ ናት፤ የድሮውም የአዲሱም ሐዲድ በዚያ በኩል አልፏል። በዚያ የአባቴን የእጅ ስልክ ተውሼ የዕቃ ባቡር ማንሣት ጀመርሁ። ሥራው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሐዲዱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለ ተዘረጋ ጧት ፊቱ የሚበራው ወደ ወደቡ የሚወርደው ባቡር ነው፤ ጭነት ይዞ ከወደቡ የሚወጣውን በደንብ ለማየት የሚወድ የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ መጠበቅ አለበት። በቀትር ሁሉም ነገር አመድ ይመስላል፤ ጥላም የለም። ሌላም ያስተዋልሁት ነገር አለ። በክረምት ፀሐይ በእኛ አገር በሰሜን በኩል ዞራ ታልፋለች፤ ስለዚህ ከሐዲዱ በስተሰሜን የቆመ ሰው ብርሃኑን በጀርባው አድርጎ ከባቡሩ በስተኋላ የደጋውን ተራራ ያገኛል። በታኅሣሥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በስተደቡብ ቆሞ ሜዳውን ማየት ይሻላል። ይህን በጂኦግራፊ ትምህርት በስዕል አይቼው ነበር፤ የገባኝ ግን እዚያ ነው።

ከአዳማ ወዲህ ሐዲዱ ነጠላ ነው። ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ አንደኛው ተለዋጭ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ገብቶ ሌላው እስኪያልፍ ይቆማል። ለፎቶግራፍ አንሺ ከዚህ የበለጠ ጊዜ የለም። ያ ሁሉ ብረት ሲቆም አካባቢው ጸጥ ይላል፤ ፍየሎች ወደ አጥሩ ይጠጋሉ፤ የባቡሩ ሠራተኛ ወርዶ እግሩን ያፍታታል፤ ጭነቱም ረጋ ብሎ ይቆጠራል። እኔ ከሁሉ የወደድሁት ስዕል የተገኘው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሎኮሞቲቩ በስዕሉ ውስጥ የለም። የሚታየው የፉርጎዎቹ ጅራትና በአጥሩ ወዲህ በዱላው ተደግፎ የቆመ አንድ እረኛ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከዐሥራ ሁለት አያልፍም።

ይህ ልጅ ስለ ዕቃ ባቡር ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ሶማልኛና አማርኛ እየቀላቀለ «የተጫነው መሬቱን ያንቀጠቅጣል፤ ባዶው ግን ይንጫጫል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ዐይኔን ጨፍኜ ብፈትነው እውነቱን ነው። ባቡሩ ገና ሳይታይ እርሱ ፍየሎቹን ሰብስቦ ያርቃል፤ ከብትና ግመል በባቡር መገጨት በዚህ መስመር ለአርብቶ አደሩም ለባቡሩም ብዙ ጊዜ ያጋጠመ ችግር ነውና። እኛ ከተማ ያለነው ሰዎች ስንዴው ሲዘገይ እናጕረመርማለን እንጂ ስንዴው በማን ደጅ እንዳለፈ አናስብም። የዕቃ ባቡር ይነሣ ስል እንግዲህ ብረቱ ብቻ ይነሣ ማለቴ አይደለም። ደጁን ያለፈበት ሰውም ከእርሱ ጋር ይታይ ማለቴ ነው። ልጁን ሳነሣው አስቀድሜ ጠይቄዋለሁ፤ እናቱንም ጠይቄአለሁ። ሳያስፈቅዱ የሰውን ፊት ማንሣት ነውር መሆኑን ስልክ የያዘ ሁሉ የረሳው ይመስለኛል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የዛሬው የዕቃ ባቡር ከድሮው ይልቅ ምስጢረኛ ነው። በአያቴ ዘመን በነበረው ክፍት ፉርጎ ላይ ጆንያው በዐይን ይታይ ነበር። ኮንቴይነር ግን የተዘጋ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ልብስ ይሁን መድኃኒት ወይም ምንም የሌለበት ይሁን ፎቶግራፉ አይናገርም። ስለዚህ አንሺው መጻፍ አለበት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንደ ቆመ፣ ባቡሩ ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ፣ ስንት ፉርጎ እንደ ቆጠረ፣ የሚያውቅ ሰው ካገኘም ምን እንደ ጫነ ይጻፍ። ይህን ሳይጽፍ አንድ ሺህ ስዕል ከሚያነሣ ሰው ጽፎ ዐሥር የሚያነሣው ለአገሩ የበለጠ ይጠቅማል።

ወደ አስቸጋሪው ነገር ደረስሁ፤ እርሱም ፈቃድ ነው። በአንዲት ትንሽ ጣቢያ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሳነሣ አንድ ጠባቂ መጡና «አንተ ልጅ፤ ማን ፈቀደልህ?» አሉኝ። «ጋሼ፤ ለትምህርት ቤት መጽሔት ነው፤ ከአጥሩ አልገባሁም» ብላቸውም ሰባት ስዕል በፊታቸው እንድደመስስ አደረጉኝ። ማታውን ተናድጄ ነበር፤ ሲነጋ ግን የጠባቂው ነገር በሌላ መልኩ ታየኝ። እርሳቸው ምን ያድርጉ? ማን ማንሣት ይችላል፣ ከየት ቆሞ ይችላል፣ ማንን ይጠይቃል የሚል የተጻፈ ነገር በእጃቸው የለም። የተጻፈ ነገር በሌለበት ደግሞ ለሁሉ «አይቻልም» ማለት ለጠባቂ ደኅንነት ነው። ሐዲድ የአገር ንብረት መሆኑን፣ መጠበቅ እንዳለበትም አውቃለሁ። ነገር ግን ብሎን ሊፈታ የሚመጣ ሌባ ቀን በቀን ስሙን ተናግሮ፣ ደብተሩን ከፍቶ አይቆምም። ደብተር የያዘ ተማሪ ዐይን በዝቶ ቢገኝ ለሐዲዱ ጥበቃ ነው እንጂ ጥቃት አይደለም።

ፈቃድ መስጠት ምን እንደሚያፈራ ለማየት የሚወድ ሰው የአሜሪካዊውን የኦ. ዊንስተን ሊንክን ታሪክ ይመልከት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1955 ይህ ሰው በቨርጂኒያ ለሚገኘው ለኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ባቡር ኩባንያ ማመልከቻ ጻፈ፤ በእንፋሎት የሚሄዱት ባቡሮች ሳይጠፉ ላንሣቸው ብሎ ለመነ። ኩባንያው ፈቀደለት። እስከ 1960 ድረስ በገዛ ገንዘቡ እየተመላለሰ፣ ይልቁንም በሌሊት በርካታ የብልጭታ አምፖሎችን በአንድ ጊዜ እያበራ አነሣቸው፤ ድምፃቸውንም ቀዳ። ከሥራዎቹ አንዱ ክፍል የተነሣው ከአቢንግደን ተነሥቶ በተራራ መንደሮች መካከል በሚያልፍ አንድ የገጠር ቅርንጫፍ መስመር ላይ ነው። በዚያ መስመር ላይ ዕቃና ሰው ባንድነት የጫነ ባቡር ይሄድ ነበር። መስመሩ በ1977 ተዘጋ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ ዛሬ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። የሊንክ ስዕሎች ግን ሮአኖክ በምትባል ከተማ በቀድሞው የመንገደኞች ጣቢያ ውስጥ ተሰብስበው ሙዚየም ሆነዋል። ከስዕሎቹ ደግሞ የምወደው ነገር አለ። ባቡሩ ያለፈበት ሰው በየስዕሉ አለ፤ በረንዳው ላይ የተቀመጠው፣ በወንዝ የሚዋኘው፣ በመኪናው ሆኖ ሲኒማ የሚያየው ሁሉ። ኩባንያው ያን ጊዜ የከፈለው ዋጋ አንድ የፈቃድ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ይህን አሳብ በቤት ባነሣ አባቴ ሣቁ። «ልጄ፤ ባቡር የሚያነሣ ሰው በባቡር የሚነግድ ሰው ነው የሚሆነው፤ አንተ ምን ትሆናለህ?» አሉኝ። አባቴ ነጋዴ ናቸውና ነገሩን በሚዛን ያዩታል፤ አልፈርድባቸውም። እኔም ከዚህ ገንዘብ አገኛለሁ አልልም። ግን አባቴ ራሳቸው ያን የዐሥራ አራት ሰዎች ፎቶግራፍ ቤት በቀየርን ጊዜ ከዕቃው ሁሉ አስቀድመው በጋቢያቸው ጠቅልለው በእጃቸው ይዘው ነው የሄዱት። መልስ እንዲሆንልኝ ይህን ባስታውሳቸው ዝም አሉ፤ ቆየት ብለውም «እርሱ የአባቴ ነው» አሉ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ በሐዲዱ ላይ ያለውም ሠራተኛ የአንድ ሰው አባት ነው።

አንድ የክፍሌ ልጅ ደግሞ «የዛሬ ባቡር ውበት የለውም፤ ጭስ የለው፣ ፉጨት የለው፤ የድሮው ይሻል ነበር» ይለኛል። ይህ ሰው የእንፋሎቱን ባቡር አላየውም፤ እኔም አላየሁትም፤ ሁለታችንም የምናውቀው በወሬ ነው። የድሮውን ዘመን ማወደስ ቀላል ነው፤ አይመልስምና አይከራከርም። ሰባ ዓመት ቆይቶ የሚመጣ ተማሪ ግን ያኛውን ባቡር «ድሮ» እንደምንለው ሁሉ ይህን የኤሌክትሪኩን «ድሮ» ይለዋል፤ ያን ጊዜ ስዕሉን ከማን ይጠይቅ?

እንግዲህ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን የማቀርበው ልመና ይህ ነው። በትምህርት ቤታችን የስፖርት ክበብ አለ፤ የድራማ ክበብም አለ፤ አንድ የፎቶግራፍ ክበብ ይጨመርልን። ክበቡ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዳቤ ጽፎ ለባቡሩ ኀላፊዎች ያቅርብ፤ ተማሪዎች በየትኞቹ ጣቢያዎች፣ በየትኛው ቦታ ቆመው፣ በማን ፊት ማንሣት እንደሚችሉ በጽሑፍ ይወሰን። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት የሚሄድበት ነውና ማንም ተማሪ ወደ ፉርጎ እንዳይወጣ፣ ሐዲድ ላይ ቆሞ ራሱን እንዳያነሣ ደንቡ ይከልክል፤ የጣሰም ከክበቡ ይባረር። በዚህ እኔ ከጠባቂዎቹ የበለጠ ጥብቅ እሆናለሁ። በሐዲድ ላይ ተኝቶ የሚነሣ ወጣት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ስዕሎቹ በስልክ ውስጥ አይቅሩ። ስልክ ይሰረቃል፤ ይሰበራል፤ ሲሞላ ይደመሰሳል። በየወሩ ከተነሡት የተመረጡት በወረቀት ታትመው በጀርባቸው በእርሳስ ተጽፎባቸው በቤተ መጻሕፍታችን በአንድ ቁም ሣጥን ይቀመጡ። ወላጆችም በየቤታችሁ ያሉትን የባቡር ሠራተኞች ፎቶግራፎች ለአንድ ቀን አምጡልን፤ ገልብጠን እንመልሳለን፤ በዚያው ቀን የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስም በስም ይንገሩን። የእኛን ቤት ፎቶግራፍ እኔ ራሴ አመጣዋለሁ፤ ከሴት አያቴ ጋር። ከቀኝ በኩል ሁለተኛው ሰው ባርኔጣ ያደረገ፣ በግራ እጁ የዕቃ መቍጠሪያ ደብተር የያዘ ረጅም ሰው ነው፤ የሚያውቀው ሰው ካለ እርሳስና ወረቀት ይዤ እጠብቃለሁ።